ከደረጃዎቹ በፊት ክርክሩ፦ ሳይንሳዊ ዘዴን ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል እንዴት እንደማስተምር

«የሳይንሳዊ ዘዴን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ጻፉ» ብላችሁ ፈተና ብታወጡ ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ሙሉ ማርክ ያገኛል። ምልከታ፣ ጥያቄ፣ መላምት፣ ሙከራ፣ ትንተና፣ ድምዳሜ። ልጆቹ በአንድ ትንፋሽ ይሉታል። በነጋታው ለእነዚያው ልጆች ሁለት ዓይነት የባትሪ ድንጋይ አሳዩና «የትኛው ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚያበራ እንዴት እናውቃለን?» በሏቸው። አንዱ «ውዱ ነዋ» ይላል። ሌላዋ «ካርቶኑ ላይ ይጻፋል» ትላለች። ሦስተኛው፣ ጎበዝ የሚባለው፣ አንዱን ድንጋይ ትልቁ ባትሪ ውስጥ፣ ሌላውን ትንሹ ባትሪ ውስጥ ከትቶ ማወዳደር ይጀምራል። ስድስቱም ደረጃዎች ደብተሩ ላይ ሰፍረዋል፤ ሲሠራ ግን አንዳቸውም ትዝ አይሉትም።

ስለዚህ እኔ ደረጃዎቹን ሰሌዳ ላይ የምጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚከራከሩበት ነገር እሰጣቸዋለሁ። ክርክሩን ለክተው እንዲፈቱት አደርጋለሁ። ሠርተው ሲጨርሱ የሠሩት ነገር ስሙ ምን እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ሥራው አራት ወይም አምስት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ለማጠናቀቅ ከሞከራችሁ የሚቀረው ያው ሽምደዳው ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሎ «እሳተ ገሞራ» ማፈንዳት ሳይንሳዊ ዘዴን ማስተማር አይደለም። ትርኢት ነው። ልጆቹ ይደሰታሉ፣ እኔም እደሰታለሁ። ነገር ግን ማንም ምንም አልገመተም፣ ማንም አልለካም፣ ማንም ሐሳቡን አልቀየረም።

ክርና ዳዶ

እኔ የምጀምረው በፔንዱለም፣ ማለትም በክር ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ በሚወዛወዝ ክብደት ነው። ሦስት ምክንያት አለኝ። ዕቃው የትም ይገኛል። አንድ ልኬት 20 ሴኮንድ ያህል ብቻ ስለሚፈጅ ደጋግሞ መለካት ይቻላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አብዛኛው ልጅ የሚገምተው ይሳሳታል። መልሱን ቀድመው የሚያውቁት ሙከራ ሙከራ አይሆንላቸውም፤ ቁጥሩን ወደሚያውቁት መልስ እየጎተቱ ይጽፉታል።

ለአንድ ቡድን አራት ልጆች ይበቃሉ። ስጧቸው፦ የማይለጠጥ ቀጭን ክር 1 ሜትር ከ20 ያህል፣ አንድ ዓይነት የሆኑ ሦስት የብሎን ዳዶዎች፣ ሜትር ወይም ማስመሪያ፣ ፕላስተር፣ እርሳስ፣ ሴኮንድ የሚቆጥር ሰዓት ወይም ስልክ። እርሳሱ 1 ሜትር ክር ወለሉን ሳይነካ ሊወዛወዝበት ከሚችል ከፍ ያለ ጠርዝ (ለምሳሌ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ወንበር) ወጣ ብሎ በፕላስተር ይታሰራል፣ ክሩ እሱ ላይ ይንጠለጠላል። እርሳሱ የሚነቃነቅ ከሆነ ልኬቱ ሁሉ ይበላሻልና ዞር ዞር እያላችሁ ነካ ነካ አድርጉት። ዳዶው ከበድ ያለ ይሁን፤ በጣም ቀላል ነገር ካንጠለጠላችሁ አየሩ ቶሎ ያቆመዋል።

የሥራ ድርሻ ስጡ፦ የሚለቅ፣ የሚቆጥር፣ ሰዓት የሚይዝ፣ የሚጽፍ። በየዙሩ ይቀያየሩ፤ አለበለዚያ ንጹሕ ጽሕፈት ያላት ልጅ ዓመቱን ሙሉ ጸሐፊ ሆና ትቀራለች።

ግምቱ በእስክሪብቶ

ዕቃውን ከማደላችሁ በፊት አንድ ዳዶ በክር አንጠልጥላችሁ ክፍሉ ፊት ያዙ። አታወዛውዙት። «በአንድ ዳዶ ፋንታ ሦስት ባንጠለጥል፣ ሄዶ ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ ያጥራል፣ ይረዝማል ወይስ አይለወጥም?» ብላችሁ ጠይቁ። እጅ አስወጡና ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፉ።

ብዙ ጊዜ «ያጥራል» የሚለው ወገን ያሸንፋል፤ ከባድ ነገር ቶሎ ይወድቃል ብለው ያምናሉ። «ይረዝማል» የሚሉት ደግሞ ከባድ ነገር መንቀሳቀስ ይከብደዋል ይላሉ። ሁለቱም ወገን ከኑሮው ያመጣው ምክንያት አለው። ይሟገቱ። «አይለወጥም» የሚሉት ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ምክንያት ሲጠየቁ ዝም ይላሉ። እዚህ ላይ የእናንተ ፊት ትልቅ ጠላት ነው። ልጆች የመምህር ፊት ማንበብ ከፊደል ቀድመው የለመዱት ነገር ስለሆነ፣ ትክክለኛውን መልስ ለሰጠው ልጅ ቅንድባችሁን ከፍ ካደረጋችሁ ክርክሩ እዚያው አለቀ። እኔ በዚህ ሰዓት ለሁሉም «ለምን?» ብቻ ነው የምለው፤ ለትክክለኛውም ለተሳሳተውም በአንድ ድምፅ።

ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ ደብተሩ ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦

«ዳዶውን ከአንድ ወደ ሦስት ብናሳድገው የ10 ውዝዋዜ ጊዜ ______፣ ምክንያቱም ______።»

«ተሳስቼ ከሆነ የማየው ይህንን ነው፦ ______።»

በእርሳስ አይሆንም። ውጤቱ ከታወቀ በኋላ «እኔማ አውቄው ነበር» የማይል ልጅ የለም፤ አዋቂም ቢሆን ያው ነው። ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያዋ ትበልጣለች። «ክብደት በፔንዱለም ላይ ተጽዕኖ አለው» ብሎ የጻፈ ልጅ ምንም ቢመጣ ያሸንፋል፤ ምን ዓይነት ተጽዕኖ እንደሆነ ስላልተናገረ የሚሸነፍበት መንገድ የለም። «ሙከራችን ጥሩ ውጤት ያመጣል» የሚል መላምትም ይመጣላችኋል፤ መሳቅ ክልክል ነው። ለሁለቱም መድኃኒቱ ያቺ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ናት። መሙላት ካቃታቸው ወደ መጀመሪያዋ ተመልሰው ያስተካክሉ።

የተሳሳተ ግምት ማርክ እንደማያስቀንስ በግልጽ ንገሯቸው፣ ቃላችሁንም ጠብቁ። አንድ ጊዜ ብቻ ከቀነሳችሁ የሚቀጥለው መላምት ሁሉ ከመጽሐፍ የተገለበጠ ይሆናል።

ልኬቱ ውስጥ ያለው ጉድ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሳይንሱ ያለው በአብዛኛው እዚህ ነው። መመሪያውን በዝርዝር ጽፋችሁ አትስጡ። ክሩ 1 ሜትር እንዲሆን፣ ዳዶው ወደ ጎን ትንሽ ብቻ ተስቦ እንዲለቀቅ፣ 10 ውዝዋዜ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ እንዲለኩ ብቻ ንገሯቸውና ዝም በሉ። ከዚያ የየቡድኑን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጻፉ። የሚመጣው ትርምስ ነው፤ ግን ሊነበብ የሚችል ትርምስ።

1 ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም ሄዶ ለመመለስ 2 ሴኮንድ ያህል ይወስድበታል፤ ስለዚህ 10 ውዝዋዜ 20 ሴኮንድ አካባቢ መምጣት አለበት። 10 ሴኮንድ ያለ ቡድን ካለ መሄዱን አንድ፣ መመለሱን ደግሞ ሌላ አንድ ብሎ ቆጥሯል። 18 ሴኮንድ ያለ ቡድን ካለ ደግሞ ቆጣሪው ዳዶው ሲለቀቅ «አንድ!» ብሎ ጀምሯል፤ «አሥር» ሲል የተወዛወዘው ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው። ሲለቀቅ «ዜሮ» ማለት ያስፈልጋል። እናንተ ይህንን ስለምታውቁ ከሩቅ ሆናችሁ በሽታውን መለየት ትችላላችሁ፤ ግን አትናገሩት። 10 ያለውንና 20 ያለውን ቡድን አንድ ላይ አቁሙና «አንድ ዓይነት ክር፣ አንድ ዓይነት ዳዶ ነው የሰጠኋችሁ፤ እንግዲህ ተያዩ» በሏቸው። ደቂቃ ሳይሞላ ያገኙታል። «አንድ ውዝዋዜ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ራሳቸው ይወስናሉ፣ ውሳኔውንም ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። ያ ነው ትርጓሜ መስጠት የሚባለው፤ የመጽሐፉን ትርጓሜ ካስገለበጣችኋቸው ለምን እንዳስፈለገ በጭራሽ አይገባቸውም።

ከዚያ «ለምን አንዱን ውዝዋዜ ብቻ አንለካም? ለምን አሥር?» ብሎ የሚጠይቅ ይመጣል። ካልመጣ እናንተ ጠይቁ። መልሱን ለማግኘት ማስመሪያ ይበቃል። አንዱ ልጅ ማስመሪያውን ከላይ ይዞ ይልቀቀው፣ ሌላው ጣቶቹን ከዜሮው አጠገብ ከፍቶ ይጠብቅና ሲለቀቅ ይያዘው። 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ከያዘው ከዓይን እስከ ጣት 0.2 ሴኮንድ ያህል ፈጅቶበታል ማለት ነው። የሰዓት ያዡም ጣት ከዚህ የተሻለች አይደለችም። 2 ሴኮንድ ስትለካ 0.2 ብትስት አንድ አሥረኛውን ሳትክ፤ 20 ሴኮንድ ስትለካ ያንኑ 0.2 ብትስት አንድ መቶኛውን ነው። ስሕተቱ አልጠፋም፣ ተከፋፈለ። ስምንተኛ ክፍሎች ይህንን ሲረዱ ፊታቸው ላይ ይታያል።

አሁን ወደ ሦስት ዳዶ ይሂዱ። እኔ የምወደው ወጥመድ እዚህ ነው ያለው። ቢያንስ አንድ ቡድን ሁለተኛውን ዳዶ ከመጀመሪያው ሥር፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው ሥር እንደ ሰንሰለት ያንጠለጥለዋል። ክሩ አልተነካም፤ የፔንዱለሙ ርዝመት ግን ተለውጧል፤ ምክንያቱም ርዝመት የሚለካው ከማንጠልጠያው እስከ ክብደቱ መካከል ነው። ክሩ አጭር ሲሆን ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል። 25 ሴንቲ ሜትር ላይ 10 ውዝዋዜ 10 ሴኮንድ ያህል ነው፤ የክብደቱ መካከል 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ 10.4 ይሆናል። ያ ቡድን በኩራት «ክብደት ሲጨምር ይዘገያል፣ ለክተናል!» ይላል። በእርግጥም ለክቷል። ሌሎቹ ዳዶዎቹን ጎን ለጎን አንድ ቋጠሮ ላይ አስረው ለውጥ የለም ይላሉ። ክፍሉ ተከፈለ ማለት ነው። የእናንተ ሥራ አንድ ጥያቄ ብቻ መወርወር ነው፦

«ከክብደቱ ሌላ ምን ተለወጠ?»

ይህችን ጥያቄ በትልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌያታለሁ። ሰዎች ተለዋዋጭን ስለ መቆጣጠር ገጽ ሙሉ ትርጓሜ ያስጽፋሉ፤ እኔ ግን ይህች አንዲት ጥያቄ በልጆቹ አፍ ላይ እንድትገባ ነው የምፈልገው። ቡድኖቹ ተነሥተው አንዱ የሌላውን ጠረጴዛ ይጎብኝ። ብዙ ጊዜ ሰንሰለቱን የሚያገኘው ሌላ ቡድን ነው። በሌላ ሰው ሥራ ላይ ስሕተት ማግኘት ደስ ስለሚል በደንብ ይፈልጋሉ፤ ስድብ እንዳይሆን ግን «ከክብደቱ ሌላ የተለወጠው…» ብለው እንዲጀምሩ አስገድዷቸው።

እያንዳንዱን ልኬት ሦስት ጊዜ ይድገሙ፣ ሦስቱንም ይጻፉ። አስቀያሚው ቁጥርም ይጻፍ። ጸሐፊው አንድ መስመር ሰርዞ ጎኑ ላይ ምክንያቱን መጻፍ ይችላል፦ «ዳዶው ጠረጴዛውን ነካ»፣ «ቆጣሪው ሳቀ»። ገጽ መቅደድና በፍሉድ ማጥፋት ግን የለም። አንዱ ቁጥር ያለ ምክንያት ስለ ከፋ ብቻ ከተሰረዘ፣ የቀሩት ቁጥሮች ልጁ የፈለገውን ነው የሚናገሩት።

20.1 እና 20.3

አሁን ሰንጠረዡ ሞልቷል። አንድ ዳዶ፦ 20.1፣ 19.9፣ 20.2። ሦስት ዳዶ፦ 20.3፣ 20.0፣ 20.2። አማካይ ያወጣሉ፤ 20.07 እና 20.17። አንድ እጅ ይወጣል፦ «ቲቸር፣ ትንሽ ዘግይቷል!»

ብዙ መምህራን እዚህ ላይ «ይህ ልዩነት ኢምንት ነው» ብለው ያልፋሉ። ልጁ ግን አልተረታም፤ ዝም ነው ያለው። በሒሳብ ክፍል 20.17 ከ20.07 እንደሚበልጥ ተምሯልና ትክክል ነው። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ሰሌዳው ላይ ከ19 እስከ 21 ሴኮንድ ያለው ረጅም የቁጥር መስመር እሠራለሁ። ከየቡድኑ አንድ ሰው ወጥቶ የአንድ ዳዶ ልኬቶቹን በነጭ ጠመኔ፣ የሦስት ዳዶዎቹን በቀይ ጠመኔ ነጥብ ነጥብ ያደርጋል። በአንድ ቦታ ብዙ ከመጡ ነጥቦቹ ወደ ላይ ይደራረባሉ። ሲጨርሱ ነጩና ቀዩ ተደባልቀው አንድ ክምር ይሆናሉ። «ቀዩን ከነጩ ለይታችሁ ማንሣት ትችላላችሁ?» አይችሉም። «ምንም ሳንለውጥ፣ ያንኑ አንድ ዳዶ ደግመን ስንለካ ቁጥሩ ምን ያህል ዘለለ?» ከ19.9 እስከ 20.2። «እንግዲህ ክብደቱን ስንለውጥ የመጣው ልዩነት ምንም ሳንለውጥ ከሚመጣው ካልበለጠ፣ ክብደቱ ለወጠው ማለት እንችላለን?»

ይህንን ጥያቄ መርምሮ መመለስ የቻለ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ብዙ አዋቂ ያልያዘውን ነገር ይዟል። ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢፈጅ አትሳሱ።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ወዳለው የመጀመሪያ ቀን ድምፅ ተመለሱ። «ያጥራል» ያሉት ስንት ነበሩ? አሁንስ? ሐሳቡን የቀየረ ልጅ የቀየረበትን ቁጥር ጠቅሶ ይጻፍ። «መምህሩ ስላሉ» ተቀባይነት የለውም። «ቲቸር፣ ግን ትክክለኛው መልስ ምንድን ነው?» ብሎ የሚለማመጥ ሁልጊዜ አለ። የእኔ መልስ «ክሩን ጠይቀው» ነው።

ርዝመቱ፣ በአጭሩ

ክብደት ካልለወጠው ምን ይለውጠዋል? አሁን ንድፉን ራሳቸው ያውጡ። አብዛኞቹ ርዝመትን ይመርጣሉ። 25 ሴንቲ ሜትር 10 ሴኮንድ፣ 50 ሴንቲ ሜትር 14 ሴኮንድ ገደማ፣ 1 ሜትር 20 ሴኮንድ ይሰጣል። ርዝመቱ አራት እጥፍ ሲሆን ጊዜው እጥፍ ብቻ ነው። ነጥቦቹን ግራፍ ላይ ያኑሩና በማስመሪያ ሳይሆን በእጅ ያገናኙ፤ መስመሩ ይጎብጣል። ከዚያ 75 ሴንቲ ሜትር ላይ ስንት እንደሚመጣ ከግራፉ አንብበው በእስክሪብቶ ይጻፉና ይለኩ። 17.4 አካባቢ ይመጣል። ገና ያልለኩትን ቁጥር አስቀድመው ተናግረው ሲገጥምላቸው ክፍሉ ውስጥ የሚነሣው ጩኸት ለጎረቤት ክፍል ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነው።

ፈጥነው ለጨረሱት ቡድኖች የጋሊሊዮን ነገር ስጧቸው። ጋሊሊዮ ፔንዱለም ወደ ጎን ብዙም ተሳበ ጥቂት፣ ጊዜው አንድ ነው ብሎ በ1602 በደብዳቤ ጽፏል፣ በ1638 በታተመው መጽሐፉም ደግሞታል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። «እስቲ ፈትኑት» በሏቸው። 10 ዲግሪና 20 ዲግሪ ላይ እውነቱን ነው፤ ልዩነቱ በእጅ ሰዓት አይያዝም። 60 ዲግሪ ላይ ግን 1 ሜትር ክር ለ10 ውዝዋዜ ከ1 እስከ 1.5 ሴኮንድ ይጨምራል። ታላቅ ሰው የተናገረውን በክርና በዳዶ ማረም እንደሚቻል ያየ ልጅ ለመጽሐፍ ያለው አክብሮት አይቀንስም፤ አነባበቡ ግን ይለወጣል።

አሁን ስሙን ንገሯቸው

ደረጃዎቹን አሁን ጻፉ። ልጆቹ ከራሳቸው ሥራ ላይ እያነሡ ይሙሉት፦ መላምቱ ያ በእስክሪብቶ የጻፋችሁት ነው፤ እኛ የለወጥነው ክብደት ነጻ ተለዋዋጭ፣ የለካነው ጊዜ ጥገኛ ተለዋዋጭ፣ አንድ ዓይነት እንዲሆን የታገልንለት ርዝመት ደግሞ ቁጥጥር የተደረገበት ነው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ቅደም ተከተሉ ሕግ እንዳይመስላቸው ግን ያደረጉትን አስታውሷቸው። «ውዝዋዜ» የሚለውን የተረጎሙት መለካት ከጀመሩ በኋላ ነበር። ንድፉን የለወጡት ሰንሰለቱ ሲገኝ ነበር። ሙከራ የማይሠራበት ሳይንስም አለ፤ ኮከብን ቤተ ሙከራ ማስገባት አይቻልም። የከዋክብት ተመራማሪው ኤድመንድ ሃሌይ በ1531፣ በ1607 እና በ1682 የታዩት ጅራታም ኮከቦች አንድና ያው ናቸው ብሎ በ1758 አካባቢ እንደሚመለስ ተነበየ። እሱ በ1742 ሞተ፤ ጅራታሙ ኮከብ በዲሴምበር 25 ቀን 1758 ታየ። እዚያ ውስጥ ዳዶ የለም፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ ሊሸነፍ ይችል የነበረ ግምት ግን አለ።

ባቄላው ሲያሳስት

ሁለተኛው ሙከራ ሕይወት ያለው ነገር ላይ ይሁን፤ ሕያው ነገር እንደ ዳዶ አይታዘዝም። «ተክል ያለ ብርሃን ያድጋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም በአንድ ድምፅ «አያድግም» ይላል። ባቄላ በእርጥብ አፈር ኩባያ ውስጥ ተክለው ግማሹን መስኮት አጠገብ፣ ግማሹን ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡ። በየወገኑ አሥር አሥር ዘር ይሁን፤ አንድ አንድ ከሆነና አንዱ ሳይበቅል ከቀረ ስለ ብርሃን ሳይሆን ስለዚያ ዘር ዕድል ነው የምታወሩት።

አሥር ቀን ያህል ቆይተው ሲለኩ ጨለማው ውስጥ ያሉት ረዝመው ይገኛሉ። ክፍሉ ይደነግጣል። አንዱ «ጨለማ ለተክል ይሻላል» ብሎ ይጽፋል፤ የለካው ቁጥርም ይደግፈዋል! አትቆጡት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ያዩትን ሁሉ ያስዘርዝሩ። የጨለማው ግንዱ ቀጭን፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ የነጣ፣ ቅጠሉ ጥቂትና ትንሽ ነው። የብርሃኑ አጭር፣ አረንጓዴ፣ ደንደን ያለ ነው። ዘሩ ውስጥ የተቀመጠ ስንቅ ስላለ ተክሉ ለጥቂት ጊዜ ያለ ብርሃን መኖር ይችላል፤ ያንን ስንቅ ብርሃን ወዳለበት ለመድረስ በመርዘም ላይ ያጠፋዋል። ሳይነኩት ከተዉት ይጋደማል፣ ስንቁ ሲያልቅ ይሞታል። ጥያቄው እንግዲህ «ያድጋል ስንል ምን ለካን?» የሚል ይሆናል። ቁመት የመረጥነው በማስመሪያ ለመለካት ስለሚቀል ነው፤ የጠየቅነውን ጥያቄ ግን አይመልስም።

ግድግዳው ላይ ያለችው ጥያቄም እዚህ ትሠራለች። ከብርሃኑ ሌላ ምን ተለወጠ? ሣጥኑ እርጥበት ይይዛል፣ መስኮቱ ጋ ሙቀት ይበዛል። አንዳንድ ቡድኖች የብርሃኑን ኩባያዎች በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ይሸፍኗቸዋል፣ ሁለቱንም ወገን መስኮቱ ጋ ያደርጉታል። ሐሳቡን ከራሳቸው እስኪያመጡት ጠብቁ።

የግማሽ ታሪክ ዘዴ

ዝናብ ሲሆን፣ ዕቃ ሲጠፋ ወይም ክፍሉ ሲደክም ታሪክ እነግራቸዋለሁ፤ ግን ግማሹን ብቻ።

ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ሬዲ በ1668 ባሳተመው ሥራው ትል ከበሰበሰ ሥጋ በራሱ ይፈጠራል የሚለውን እምነት ፈተነ። አንዳንዱን ዕቃ ከፍቶ፣ አንዳንዱን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ሥጋ አስቀመጠ። ክፍቱ ላይ ዝንብ ገባ፣ ትል ታየ፤ ዝጉ ላይ ትል አልታየም። እዚህ ላይ አቁሙ። «አንተ የሬዲ ተቃዋሚ ነህ። ምን ትላለህ?» ዝምታ ይሆናል፤ ከዚያ አንዷ «አየር ስላልገባ ነው ትሉ ያልተፈጠረው እለዋለሁ» ትላለች። ከብርሃኑና ከክብደቱ በኋላ ይህችን ጥያቄ የሚያነሣ አይጠፋም። አሁን ሁለተኛውን ግማሽ ንገሯቸው፦ ሬዲ ሌሎች ዕቃዎችን አየር በሚያሳልፍ፣ ዝንብ በማያስገባ ስስ ሻሽ ሸፈነ። አየሩ ገባ፤ ሥጋው ላይ ግን ትል አልወጣም።

ሁለተኛው የኬሚስቱ የቫን ሄልሞንት ዛፍ ነው፤ ጽሑፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1648 ነው። 200 ፓውንድ ደረቅ አፈር ውስጥ 5 ፓውንድ የሚመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለ፣ ለአምስት ዓመት ውኃ ብቻ አጠጣ። ዛፉ 169 ፓውንድ ሆነ፤ አፈሩ የቀነሰው 2 አውንስ (60 ግራም ገደማ) ያህል ብቻ ነው። ዛፍ የሚሠራው ከውኃ ነው ብሎ ደመደመ። ለልጆቹ «ልኬቱ ላይ ስሕተት አላችሁ?» በሏቸው፤ የለም። «ታዲያ ዛፉ ጋ የደረሰ፣ እሱ ግን ያልመዘነው ነገር አለ?» የዕፅዋትን ምግብ አሠራር የተማሩ ከሆነ አየሩን ያነሡታል፤ ካልተማሩ ጥያቄውን ሳትመልሱ ለዚያ ምዕራፍ አቆዩት። ልኬቱ የጸዳ ድምዳሜም ሊሳሳት እንደሚችል ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ፈተናው

የራሳቸውን ጥያቄ ይዘው እንዲሠሩ ስታደርጉ ሦስት ማጣሪያ ይበቃል፦ ባለን ዕቃ ይለካል ወይ? በሁለት ሳምንት ያልቃል ወይ? የምንለውጠው አንድ ነገር ብቻ ነው ወይ? «ስልክ አእምሮን ይጎዳል ወይ?» ሦስቱንም አያልፍም። «ስልክ አጠገብ ሲቀመጥ ማስመሪያ ለመያዝ የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል ወይ?» ያልፋል።

የጽሑፍ ፈተና ላይ ደግሞ ዝርዝር አትጠይቁ፤ የታመመ ሙከራ ስጧቸው። እኔ የምሰጠው እንዲህ ያለውን ነው፦ «አንዲት ተማሪ ሙዚቃ ለተክል ይጠቅማል ብላ ገመተች። አንዱን ተክል መስኮት አጠገብ አድርጋ በየቀኑ ሙዚቃ አሰማችው። ሌላውን ክፍሉ ጥግ ያለ ሙዚቃ አስቀመጠችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሙዚቃ የሰማው በ4 ሴንቲ ሜትር በለጠ። ሙዚቃ ይጠቅማል ብላ ደመደመች። ሀ) ከሙዚቃው ሌላ ምን ተለወጠ? ለ) ሙከራውን እንደገና ንደፍላት። ሐ) ሙዚቃ አይጠቅምም እንድትል የሚያደርጋት ምን ዓይነት ውጤት ነው?»

ከአሥር ለ«ሀ» 2፣ ለ«ለ» 5፣ ለ«ሐ» 3 እሰጣለሁ። «ለ» ላይ ብርሃኑን አንድ ያደረገ ግን አሁንም አንድ አንድ ተክል ብቻ የተጠቀመ 3 ያገኛል። «ሐ» ላይ «ሙዚቃ የሰማው ካልበለጠ» የሚለው 2 ነው፤ ሦስተኛዋን የሚያገኘው ልዩነቱ ተክሎቹ በራሳቸው ከሚለያዩት መብለጥ እንዳለበት የጻፈ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ እኔ ያልጠየቅሁትን የሚያነሣ ልጅ ይመጣል፦ «የለካችው ራሷ ናት፤ የትኛው ሙዚቃ እንደሰማ ታውቃለች።» ለዚህ ልጅ ተጨማሪ ማርክ እሰጥና በሚቀጥለው ሙከራ ኩባያዎቹን በቁጥር ብቻ የመሰየሙን፣ የትኛው ቁጥር የቱ እንደሆነም ልኬቱ እስኪያልቅ ደብቆ የመያዙን ኃላፊነት ለእሱ አስረክባለሁ።